ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ፤ መሐንዲሱና የዐፄ ምኒልክ ዘመን አዳዲስ ሥራዎች

የኢትዮጵያ የፖስታ፣ የስልክና የባቡር አገልግሎት ታሪክ በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣ የአንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ስም አለ። ይህ ሰው በአገራችን ሰዎች ዘንድ ሙሴ ኢልግ እየተባለ ይጠራ የነበረው የስዊስ ተወላጁ አልፍሬድ ኢልግ ነው። በኢትዮጵያ የኖረበት ዘመን ወደ ሠላሳ ዓመት ይጠጋል። ስለ እርሱ የሚነገረው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሠራቸውንና ያስመጣቸውን ነገሮች በመቁጠር ያበቃል። ድልድዩ፣ የቧንቧው ውሃ፣ ቴምብሩና ሐዲዱ ይዘረዘራሉ፤ ከዚያም ጽሑፉ ይዘጋል። ለምሕንድስና ባለሙያ ግን የኢልግ ሕይወት ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር ይዟል። አዲስ መሣሪያ ተረክቦ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ገና ባልቆመበት አገር ሲገባ ምን ዓይነት ዕድል እንደሚገጥመው፣ የአንድ ሰው ትጋትም የቱን ያህል ሊያስኬድና የት ላይ ሊቆም እንደሚችል የሚታየው በዚህ ሰው ሥራ ውስጥ ነው።

ከፍራውንፌልድ እስከ አንኮበር

አልፍሬድ ኢልግ በመጋቢት ወር 1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር በቱርጋው ክፍል በምትገኘው በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የብረት ሥራ ሙያ ከተማረ በኋላ በዙሪክ ከተማ ወደሚገኘው ስመ ጥር የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ የመካኒካል ምሕንድስና ትምህርቱን ፈጸመ። በእጁ የሚሠራ ሙያተኛ ሆኖ መጀመሩና በሒሳብና በሥዕል የሚያቅድ መሐንዲስ ሆኖ መጨረሱ ለኋላ ዘመኑ እጅግ ጠቅሞታል። ወደሚሄድበት አገር መሐንዲስ ያቀደውን የሚፈጽም ፋብሪካም ሆነ የሠለጠነ ሠራተኛ አልነበረምና፣ ንድፉንም መዶሻውንም አንድ ሰው መያዝ ነበረበት።

በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚያውቁ አውሮፓውያን ወደ አገራቸው እንዲመጡላቸው ይፈልጉ ነበር። ጥያቄያቸው በኤደን ይነግድ በነበረ የስዊስ የንግድ ቤት አማካይነት ወደ ስዊስ ደረሰና ወጣቱ መሐንዲስ ግብዣውን ተቀበለ። ሁለት የአገሩን የእጅ ባለሙያዎች አስከትሎ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ተነሣ፤ ቆላውን በግመል አቋርጦ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገባ። ዕድሜው ያን ጊዜ ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላም ነበር።

ንጉሡ እንግዳውን መሐንዲስ በመጀመሪያ የፈተኑት ጫማ እንዲሰፋላቸውና ጠመንጃ እንዲሠራላቸው በማዘዝ እንደ ነበረ ይተረካል። ኢልግም ጫማ ሰፊም ጠመንጃ ሠሪም አለመሆኑን ቢያስረዳም የታዘዘውን ሞክሮ አቀረበ ይባላል። የትረካው ዝርዝር እንዳለ ሆኖ፣ የዘመኑን አስተያየት ግን በሚገባ ይገልጻል። መሐንዲስ የሚባል ሙያ ራሱን ችሎ ባልታወቀበት ጊዜ፣ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይገመት ነበር። ኢልግ ይህን ግምት አልናቀውም። አማርኛን ጠንቅቆ ተማረ፤ የቤተ መንግሥቱን ሥርዐት ለመደ፤ ከንጉሡም ጋር ያለ አስተርጓሚ ለመነጋገር በቃ። ከብዙዎቹ የዘመኑ የውጭ አገር ሰዎች የለየውና የንጉሡን እምነት ያተረፈለትም ከሙያው ይልቅ ይህ ትዕግሥቱ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የቤተ መንግሥት መሐንዲስ

ከተሠሩት ሥራዎች መካከል ቀድሞ የሚጠቀሰው በ1870ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው ድልድይ ነው። ኢልግ አስቀድሞ ትንሽ አምሳያ ሠርቶ ለንጉሡ እንዳቀረበና ንጉሡም ጥንካሬውን በእጃቸው በመምታት እንደ ፈተኑት ይነገራል። ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ በሰው ጫንቃና በእንስሳ ጀርባ የሚጓጓዝ ስለ ነበረ፣ የድልድዩ ከባዱ ክፍል ስሌቱ ሳይሆን ጭነቱ ነበር። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም ከእንጦጦ ተራራ ሥር ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ እንዲወርድ አደረገ። ውሃ በቱቦ ውስጥ ተጉዞ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣቱ ለተመልካቹ እንደ ተአምር ነበር።

በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ አንድ የአሠራር ልማድ ሥር ሰደደ። ንጉሡ ያስባሉ፤ ኢልግ ያቅዳል፤ ዕቃውን ከአውሮፓ ራሱ ያዝዛል፤ ሲደርስ ራሱ ይገጥማል፤ ሲሰበር ራሱ ይጠግናል። ከዚህም ጋር የንግድ ሥራ ነበረው። በሐረር ይነግድ ከነበረው ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከአርቱር ራምቦ ጋር ከ1880 እስከ 1883 ዓ.ም. የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ቅፍለትና ስለ ዕዳ የሚናገሩ ናቸው። ደመወዝተኛ አማካሪ፣ ዕቃ አቅራቢና ሥራ ተቋራጭ አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ሥራው ድልድይና ቧንቧ እስከ ሆነ ድረስ ይህ ልማድ ብዙ አልጎዳም። ሥራው ከአንድ ግቢ ወጥቶ አገርን ከአገር የሚያገናኝ መስመር ሲሆን ግን ጉዳዩ ተለወጠ።

የ1886 ዓ.ም. ውሎች

ኢልግ የባቡርን ነገር ለንጉሡ ያነሣው ከመጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ቢሆንም ምኒልክ የዐፄ ዮሐንስ ገባር በነበሩበት ጊዜ ይህን የሚያህል ሥራ ለመፍቀድ አልቻሉም። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ግን ጉዳዩ ተንቀሳቀሰ። በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ውል ለኢልግ ተሰጠው። ሐዲዱ በሦስት ክፍል የሚሠራ ሆኖ፣ የመጀመሪያው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ አባይ እንዲደርስ ታቀደ። የውሉ ዘመን 99 ዓመት ነበር። ኩባንያውም ከሐዲዱ ጎን ለጎን የቴሌግራፍ መስመር እንዲዘረጋ ግዴታ ተጣለበት። እንግዲህ ሐዲዱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ የወሬው መስመር ከዕቃው መስመር እንደማይለይ ታውቆ ነበር።

በዚያው ዓመት የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ተወሰነ። ኢልግና የሥራ ባልንጀራው ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ ቴምብሮቹ በፓሪስ እንዲታተሙ አደረጉ። ሥዕሉን የቀረጸው ኧዤን ሙሾን የተባለ ስመ ጥር ባለሙያ ሲሆን ቴምብሮቹ ሰባት ዓይነት ዋጋ ነበራቸው። ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው አራቱ የምኒልክን መልክ፣ ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው ሦስቱ ደግሞ የይሁዳን አንበሳ የያዙ ነበሩ። በንጉሠ ነገሥቱ መልክ የተቀረጸው ገንዘብም በዚሁ ዘመን በፓሪስ ተመታ።

ቴምብሩ በውበቱ የሚያኮራ ቢሆንም አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ከአገር ውጭ አይታወቅም ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ማኅበር አባል ባለመሆኗ፣ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ደብዳቤ ከጠረፍ ሲያልፍ የሌላ መንግሥት ቴምብር ሊጨመርበት ግድ ነበር። ኢልግ ከትውልድ አገሩ ጋር ባለው ግንኙነት ተጠቅሞ አባልነቱን ለማስገኘት ጥረት አደረገ፤ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በስዊስ ከተማ በበርን ይገኝ ነበርና። ይሁን እንጂ የጣሊያን መንግሥት በውጫሌው ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ ተመርኩዞ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ በእርሱ በኩል ማለፍ አለበት በማለት ስለ ተቃወመ ሙከራው ሳይሳካ ቀረ። የደብዳቤ መላላኪያ ደንብ የሚመስለው ጉዳይ የነፃነት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ክርክሩም የተዘጋው በፖስታ ቤት ሳይሆን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተራሮች ላይ ነው። ማኅበሩም ኢትዮጵያን በአባልነት የተቀበለው በ1901 ዓ.ም. ነው።

ከዐድዋ ድል በኋላ በ1889 ዓ.ም. ኢልግ የመንግሥት አማካሪ የሚል ማዕረግ ተሰጠው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር በተደረገው ድርድር የንጉሠ ነገሥቱ ቀኝ እጅ ሆኖ ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መልእክተኛ ሁሉ ጉዳዩን ለማስፈጸም በቅድሚያ የሚፈልገው እርሱን ሆነ። መሐንዲሱ ሳይታሰብ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሆነ ለማለት ይቻላል።

ስልኩና የስልኩ ሰዎች

የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ ከ1886 ዓ.ም. የሚጀምረው አዲስ አበባን ከሐረር በሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ነው። ይህ መስመር ለአስተዳደሩ የነበረውን ትርጉም ለመረዳት ከርሱ በፊት የነበረውን ማሰብ ያስፈልጋል። የቤተ መንግሥት ትእዛዝ በፈጣን መልእክተኛ ቢላክ እንኳ ሐረር እስኪደርስ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር፤ መልሱም ያንኑ ያህል። በዚህ መካከል የጠረፉ ገዢ በራሱ ፈቃድ የሚያዝበት ሰፊ ጊዜ ነበረው። ስልኩ ያን ጊዜ አሳጠረው። ስለ ቅፍለት፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ እንግዳ መምጣት የሚላከው ወሬ በሰዓታት ውስጥ ቤተ መንግሥት ይደርስ ጀመር። ስለዚህ ስልክ በኢትዮጵያ ውስጥ ሲጀምር የነጋዴም የቤተሰብም መጨዋወቻ አልነበረም፤ የመንግሥት መቆጣጠሪያ ነበር። በካህናቱ ዘንድ የሰይጣን ሥራ ነው የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ እንደ ነበረ በሰፊው ይነገራል፤ ነገር ግን መስመሩን የፈተነው ትልቁ ችግር ሌላ ነበር።

ያ ችግር ጥገና ነው። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ በላው፤ በቆላው አገር ዝሆን እየተሻሸ ጣለው፤ ሽቦው ለጌጥና ለቤት ዕቃ የሚሆን ብረት ስለ ነበረ በየቦታው ተቆረጠ። በዚያ ዘመን በነበሩት ረጃጅም መስመሮች ላይ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ገና አልተፈለሰፈም፤ ስለዚህ ርቀቱ ሲበዛ ድምፁ ይደክማል። ንግግሩ እንዲሰማ በመካከል ያለው ጣቢያ ሠራተኛ መልእክቱን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ጣቢያ በቃሉ መድገም ነበረበት። ከዚህም የተነሣ የመስመሩ ጥራት የሚለካው በሽቦው ውፍረት ብቻ አልነበረም። በየጣቢያው የተቀመጠው ሰው የሰማውን ሳያጓድል መድገም መቻሉ፣ ምስጢር መጠበቁ፣ መስመር ሲበጠስ ወጥቶ መፈለጉ፣ ደመወዙም በጊዜው መድረሱ የመስመሩ አካል ነበር። ይህን ሁሉ በሥርዐት የሚይዝ መሥሪያ ቤት ግን ገና አልነበረም።

ኢልግ ይህን ጉድለት አላየውም ማለት አይቻልም። ፖስታውን የሚያደራጁ ባለሙያዎች ከስዊስ እንዲመጡ ያደረገው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መድኃኒት በሽታውን ለጊዜው የሚያስታግሥ እንጂ የሚያድን አልነበረም። ዕውቀቱ ከአንድ የውጭ አገር ሰው ወደ ሌላ የውጭ አገር ሰው ተላለፈ እንጂ በአገሩ ልጅ እጅ አልገባም። ለስልክም ሆነ ለፖስታ ሥራ የአገሩን ወጣቶች በብዛት የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት በኢልግ ዘመን አልተከፈተም።

የኩባንያው ዕዳ

የሐዲዱ ሥራ በጅቡቲ በኩል በጥቅምት ወር 1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ከወረቀቱ ዕቅድ ጋር የመጀመሪያው ልዩነት የመጣው ከመልክዐ ምድሩ ነው። ወደ ሐረር ከፍታ መውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ ሐዲዱ በተራራው ሥር እንዲያልፍ ተደረገ፤ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳም የድሬዳዋ ከተማ ሆነ። ይህ የመሐንዲስ ውሳኔ ነበርና ትክክለኛነቱን ዘመን መስክሮለታል።

ሁለተኛው ልዩነት ግን ከገንዘብ የመጣ ነበር። አክሲዮኑ በፓሪስ ገበያ እንደ ታሰበው አልተሸጠም። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጣ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ገቡበት። ይህ ያሠጋው የፈረንሳይ መንግሥት ደግሞ በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊሰጠው ቃል ገባ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ዐፄ ምኒልክ ሳይጠየቁ የተደረገውን ይህን ስምምነት ባወቁ ጊዜ እጅግ ተቈጡ። ለአንድ ሰው የሰጡት የሥራ ፈቃድ በሌላ መንግሥት እጅ ሲገባ አዩ። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥለው ሥራም ቆመ፤ ኩባንያውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰረ።

በዚህ ነገር ውስጥ የኢልግ አቋም የሚያስቸግር ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ እንደ መሆኑ የአገሪቱን ጥቅም መጠበቅ ይገባው ነበር፤ ውሉን የተቀበለና ኩባንያውን ያቋቋመ ሰው እንደ መሆኑ ደግሞ የኩባንያው መኖር ያሳስበዋል። ሁለቱ ጥቅሞች እስከ ተስማሙ ድረስ አንድ ሰው ሊሸከማቸው ቻለ፤ ሲለያዩ ግን መካከል ላይ የሚቆም ዳኛ አልነበረም። ውሉን በአገሪቱ በኩል ሆኖ አንቀጽ በአንቀጽ የሚመረምር፣ የኩባንያውን ሒሳብ የሚከታተል፣ አክሲዮን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚያስጠነቅቅ መሥሪያ ቤት ቢኖር ኖሮ አደጋው ቀድሞ በታየ ነበር። የኢልግ ቅንነት ይህን ቦታ ሊሸፍን አልቻለም፤ የአንድ ሰው ቅንነት የቁጥጥርን ሥራ አይተካምና።

ስንብቱና የተከተለው

ከዚያ በኋላ የኢልግ ተሰሚነት እየቀነሰ ሄደ። በአዲስ አበባ የየመንግሥታቱ ልዑካን በዙ፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ ኢልግ ብቻውን ይዞት የነበረው የአማካሪነት በር ለብዙዎች ተከፈተ። በ1899 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሥራውን ትቶ ቤተሰቡን ይዞ በዙሪክ ተቀመጠ። በቆየበት ዘመን የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ ቅርሳ ቅርሶችና ያነሣቸው ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ይገኛሉ፤ ለዘመኑ ታሪክ ተመራማሪም ታላቅ ምንጭ ናቸው።

ዐፄ ምኒልክ በዚያው ጊዜ ያደረጉት ሥራ ግን ከኢልግ ስንብት ጋር ተያይዞ ሊታይ የሚገባው ነው። በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ሚኒስቴሮችን አቋቋሙ። በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። የፖስታው፣ የቴሌግራፉና የስልኩ ሥራም ውሎ አድሮ የራሱ ሚኒስቴር ተሰጠው። መሣሪያው ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ መሥሪያ ቤቱና ትምህርት ቤቱ ተከተሉ ማለት ነው። ይህ ቅደም ተከተል የአገሪቱን የቴክኒክ አገልግሎት ለረጅም ዘመን አዘገየው። የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ራሱን በቻለ ቦርድ ሥር ተቋቁሞ የራሱን ሠራተኞች በራሱ ማሠልጠኛ ማስተማር የጀመረው ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ ሲሆን፣ ይህም ኢልግ ከሄደ ከአርባ ዓመት በላይ በኋላ ነው።

አልፍሬድ ኢልግ ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. በዙሪክ አረፈ። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበረ ዕለቱ በኢትዮጵያ የልደት በዓል የሚከበርበት ቀን ነበር። ዐፄ ምኒልክ ከሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል። ሁለቱ ሰዎች የተመኙት ባቡር አዲስ አበባ የገባው ኢልግ ካረፈ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆይቶ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ያመጣውም በ1886ቱ ውል የተቋቋመው ኩባንያ ሳይሆን እርሱ ሲከስር የተተካው ሌላ ኩባንያ ነበር።

ኢልግን በሠራው ማመስገን፣ ባልሠራውም መውቀስ ቀላል ነው። በእርሱ ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ የበለጠ ያደርግ ነበር ለማለት ግን ያስቸግራል። ዛሬ የኮምፒዩተር ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ ሲገባ የሚነሡት ጥያቄዎች እርሱን የገጠሙት ናቸው። ውሉን በገዢው በኩል ሆኖ የሚያነበው ማን ነው? አማካሪው ከሻጩ ተለይቷልን? የገባው መሣሪያ በውጭ ካለው ጋር ይግባባልን? የሥራው ምስጢር በስንት ሰው ልብ ውስጥ ይገኛል? ሽቦው ሲበጠስ ወጥቶ የሚፈልገው ሠራተኛስ ተቀጥሯልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ከመሣሪያው ጋር አብሮ ሲቆም፣ ሥራው ከሠሪው ዕድሜ በላይ ይኖራል።